ቀድሞ የመጣው ሙቀትና የነሲሙ ጣሪያ

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሪያድ ከምኖርበት ከመንሱራ ሰፈር ስነሳ የሐሙሱ ድካም ገና ከጉልበቴ አልወጣም። እንደኔ ላለ የኤሲ ጠጋኝ ዓርብ የእንቅልፍ ቀን ነው። ግን ነሲም ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው የከሚሴዋ ዘሃራ በድምፅ መልእክት፣ «ወንድሜ፣ የምተኛበት የጣሪያ ክፍል እሳት ሆኗል። ሁለቴ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ማዳም ‹ሙቀቱ ገና ነው› ትላለች፤ እባክህ አንተ ንገራት» ብላኛለች። የዚያን ቤት ኤሲዎች በየዓመቱ የማጸዳው እኔ ነኝ። ዘሃራን ለሙቀቱ ወራት ከጣሪያው ወደ ታች የሚያወርዷት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ከመፍቻዎቼ ጋር አንድ ደብተር ይዣለሁ። በየከተማው የተበተንን ጓደኛሞች ሙቀት ገብቶ ብርድ ልብስ ያጠፍንበትን ቀን በየዓመቱ እንደዋወላለን፤ እኔ እጽፋለሁ። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ተቡክ፣ አብሃ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አንዳንዴ ቀኑ ይዘገያል፤ በጠቅላላው ግን እየቀደመ ነው። ተራራማዋ አብሃ ያለው ጓደኛችን እንኳ ዘንድሮ ጃኬቱን ቶሎ ሰቀለ።

ዲራ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

በአራት ሪያል አውቶቡስ ዲራ ገበያ ወረድኩና ከአንድ የመናዊ ሱቅ በአሥራ አምስት ሪያል ቴርሞሜትር ገዛሁ። «ለማን ነው?» አለኝ።

«ለማዳም።»

«እሷ መቼ ጣሪያ ላይ ወጥታ ታውቃለች?» ብሎ የገንዘቤን መልስ ሰጠኝ።

ነሲም፣ አምስት ሰዓት

ሳሎኑ በኤሲ ቀዝቅዟል። ደብተሬ ማዳምን አልሞቃትም አልበረዳትም። የጣሪያውን ክፍል ለክቼበት ያመጣሁትን ቴርሞሜትር አየችና፣ «የቻይና ነው፤ ይሳሳታል» አለች።

ከሶፋው ላይ አማቷ፣ አሮጊቷ፣ ሳቁ። «እኛ ልጆች ሆነን ሙቀት ሲመጣ ሁላችንም ጣሪያ ላይ ነበር የምንተኛው። አንሶላችንን ውሃ ነክረን! ከጣሪያ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም። ና ላሳይህ።»

ዘሃራ ደግፋቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ደረጃውን እያረፍን ወጣን። አሮጊቷ የክፍሉን ግድግዳ ነክተው እጃቸውን መለሱ። ግድግዳውን ተጠግተው የተደረደሩ ሰባት የኤሲ የውጭ ማሽኖች የሳሎኑንና የመኝታ ቤቶቹን ሙቀት በክፍሉ በር ላይ ይተፋሉ።

«እነዚህን እዚህ የደረደራቸው ማነው?»

ዘሃራ መሬት መሬት አየች። ታውቃለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አልኩ። ማሽኖቹ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጥላ ስፈልግ ያገኘሁት የዘሃራን ክፍል ግድግዳ ነበር።

አሮጊቷ ወደ ደረጃው ዞረው፣ «ኸላስ! በቃ፣ ዛሬውኑ ትወርዳለች» ብለው ጮኹ። ማዳም ከታች፣ «ትምህርት ቤት እኮ ገና...» ብላ ጀምራ ተወችው። ፍራሹን እኔ ተሸከምኩ፤ ዘሃራ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችውን የስፌት ክፍል ጠርጋ አነጠፈች። «ኢንሻአላህ ዛሬ እተኛለሁ» አለችኝ።

መንሱራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወደቅኩ። የአገሩን ሙቀት ዘጠኝ ዓመት ስመዘግብ ለማሽን ጥላ አስቤ፣ ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚተኛ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። የሚመጣው ዓርብም እንቅልፍ የለኝም፤ ማሽኖቹን ከግድግዳዋ ላነሳ እሄዳለሁ። ብርዱ ሲገባ ዘሃራን መልሰው ወደ ጣሪያው ያወጧታል፤ ብርዱ ደግሞ እያጠረ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ሙቀቱ እዚያው ያገኛታል።