ጠርሙሱ ብርጭቆውን ሲነካ

«ዛሬ ሳርፍ የመንደርደሪያው ግራ ጠርዝ ተጣሞ ታየኝ» አለኝ ባለቤቴ ኃይሉ፣ ጫማውን እያወለቀ። «መነጽርህን ጥረጋት!» አልኩት። የሕመሙ መጀመሪያ ይቺ ነበረች።

ኃይሉ አብራሪ ነው። ክንፏ ድርብ የሆነ፣ ጣሪያ የሌላት አሮጌ አውሮፕላን ይዞ ቅዳሜና እሁድ ሰው ያንሸራሽራል፣ ትርኢት ላይ ይገለባበጣል፣ ይወዳደራል። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ እርሻ ላይ እያረፉ ሕዝብ የሚያዝናኑ አብራሪዎች ነበሩ፤ የእነሱን ነገር ካነሳ ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔ ግን አንድም ቀን አብሬው ወጥቼ አላውቅም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ቤት ስንገዛ እንኳ ፎቅ የሌለውን የመረጥኩ ሴት ነኝ።

መሃል ከተማ ያለችው የዓይን ሐኪም ዓይኑን ብዙ መረመረችው። ከዚያ የበሽታውን ስም ነገረችን። ኮሮይዳል ሜላኖማ። የዓይን ካንሰር።

«ዓይንዎን ማትረፍ አንችልም» አለችው። «እርስዎን ለማትረፍ ግን መውጣት አለበት።»

ኃይሉ የተናገረው ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ላይ ነው።

«ከነዚያ አሜሪካኖች አንዱ ባንድ ዓይኑ ነበር የሚበረው።»

«እንዴት ሞተ?»

«ወድቆ።»



ግራ ዓይኑ ወጣ። ፋሻው ሲነሳ አየሁት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቤት ሲመለስ ርቀት መለየት አቃተው። ጎረቤታችን ጋሼ ወርቁ ሊጠይቁት ሲመጡ ኃይሉ «እኔ እቀዳለሁ» ብሎ ውሃውን ሱሪያቸው ላይ አፈሰሰው። «ምንም አይደል ልጄ» አሉት። እሱ ግን ጓዳ ገብቶ አልወጣም። «ብርጭቆ ያላገኘሁ ሰው መሬት እንዴት አገኛለሁ?» አለኝ። መብረሩ ከቀረ ሰውየውም እንደሚቀርብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራሁ።

የሆስፒታሉ ቴራፒስት የጠርሙሱን አፍ ከብርጭቆው አፍ እያስነካ እንዲቀዳ አስተማረችው፤ ከዚያ በየቀኑ ኩሽና ቆመን፣ እኔ ብርጭቆውን እያዘዋወርኩ፣ እሱ እየፈለገ፣ ሲያገኘው «ነካ» እያለ፣ አንዳንዴ እየተሰዳደብን፣ አንዳንዴም እየሳቅን ተለማመድን። ወራት አልፈው፣ ከአስተማሪ ጋር ደጋግሞ በርሮ፣ የበረራ ሐኪሙም መርምሮት ፈቃዱ ሲመለስለት ግን አብሮት የሚወጣ ጠፋ። ወዳጅ ሁሉ «ሌላ ጊዜ» እያለ ሸሸ። አልፈርድባቸውም።

እኔ ወጣሁ። እመቤቴን እየጠራሁ። ቤታችንን ከላይ አሳየኝ፤ ወይ ማየት! እኔ የማስበው ማረፉን ብቻ ነበር። መሬቱ መጣ። መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎማው ማረፉ እንኳ አልታወቀኝም፤ በጆሮ ማዳመጫው የሰማሁት የኃይሉን ድምፅ ነው።

«ነካ።»

ሕመሙ አልቋል አልልም። ወደ ጉበት ሊሄድ ስለሚችል ኃይሉ በየጊዜው ይመረመራል፤ ለሚቀጥለው ስካን ቡክ አድርጌያለሁ፣ ቀኑ ሲቀርብ ሁለታችንም እንቅልፍ የለንም። ሐኪሟን፣ ቴራፒስቷን፣ ሱሪያቸው የራሰውን ጋሼ ወርቁንም እግዜር ያክብርልኝ። እናንተም ቀጥ ያለው ነገር ተጣሞ ከታያችሁ መነጽር ስትጠርጉ አትዋሉ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ ብርጭቆውን ያዙለት እንጂ አትቅዱለት።