አፏን ያልፈታችው የልጅ ልጅ

ፕሮፌሰሯን ተማሪዎቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «ጆሮ» ነው የሚሏት። ሲያንሳት ነው! ዕድሜዋን የፈጀችው ሕፃናት እንዴት አፍ እንደሚፈቱ ስታዳምጥ ነው። ደረቱ ላይ ኪስ ያለው ትንሽ ሰደርያ ታሰፋለች፤ ኪሱ ውስጥ የድምፅ መቅረጫ ትከታለች፤ ሕፃኑን አልብሳ «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ ግን ሳትሰማ ትጥለዋለች። «እናት መቅረጫ ስታይ እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወራው» ትላለች። ቤተሰቡ ለመድነው ቢላት እንኳ አታምንም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤ ሃይማኖቷ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋ ሰደርያ ለባሽ የገዛ ልጇ ነበረች። ባሏ ጥሏት በሄደ ሰሞን፣ ሕፃኗ በር በሩን እያየች «አባዬስ?» ስትል የተቀረጸው ድምፅ እናቲቱን አስመሰገናት፤ ለማዕረግም አበቃት። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ታሰማዋለች፤ ተማሪዎቹም ይስቃሉ። ምን ያድርጉ፣ የሕፃን አፍ ይጣፍጣላ! አንድ ዓመት ግን ልጅቷ ራሷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከሳቂዎቹ መሀል ተቀምጣ ሰማችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ልጅቷ አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ትንሿ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አያቷ ግን ከአፏ አንዲት ቃል ሰምታ አታውቅም። በሄደች ቁጥር ሕፃኗ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ጎረቤት ናት፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ቤቱን ቀውጢ ያደርገዋል። ነገሩ ሸተታት። ይቺ ልጅ አፏን አልፈታችም! እናቷ ደግሞ በእኔ እልህ ደብቃኛለች! በጊዜ ካልታየች ወዲያ እንደሚከብድ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቅዳሜ ሳትነግር አሻንጉሊት ይዛ ሄደች። ልጇ በሩ ላይ አሻንጉሊቷን ተቀበለቻትና የአሻንጉሊቷን ሆድ ተጫነች፤ ቀሚሷን ገልባ ስፌቱን ዳበሰች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ፕሮፌሰሯ።

«አንቺ የምትደብቂውን።»

«እኔ ሰላይ ነኝ?»

«እኔ አላልኩም። ቦርሳሽን ግን ውጭ ተይልኝ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። መቅረጫው በእርግጥ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ መቼ ተለይቶት ያውቃል! ዛሬ ግን ልትቀርጽ አልመጣችም፤ ይህ እውነቷ ነው። ቦርሳዋን ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ገባች።

ትንሿ የመጣላትን አሻንጉሊት ታቅፋ ምንጣፍ ላይ የጠርሙስ ክዳን ትደረድራለች። «የኔ እመቤት፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለቻት አያቷ። ሕፃኗ እናቷን አየት አደረገችና አንገቷን ደፋች። አያት ሆን ብላ ማንኪያ ጣለች፤ ሕፃኗ ዞር አለች። ጆሮዋስ ይሰማል! ታዲያ ምን ነካት?

«አንቺ፣ ይቺ ልጅ ሐኪም ያስፈልጋታል!»

«ደህና ናት። ሻይሽን ጠጪ።»

«እኔን ጥይኝ፣ አትይኝ፤ እሷን ግን አሳክሚያት!» አለችና እንባዋ ቀደማት። ሻይዋን እንዳለ ትታ፣ የትከሻ ፎጣዋን እንኳ ረስታ ወጣች።

ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ልትወርድ ስትል፣ ከበሩ ኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ሄደች? አሁን ላውራ?»

«አውሪ የኔ ቆንጆ።»

«ለምንድን ነው ያለቀሰችው? አሻንጉሊቷን ስለወሰድኩባት ነው? ልመልስላት?»

እሰይ! ተመስገን! ምን የመሰለ አፍ! የፕሮፌሰሯ ልብ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። ልጅቷ አፏን ከፈታች ቆይታለች፤ ዝም በይ የተባለችው ለእሷ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እጇ ቦርሳው ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መቅረጫው መዳፏ ላይ ቀይ መብራቱን አብርቶ ነበር። ልጇ የተረሳውን ፎጣ ይዛለች። ከቀሚሷ ኋላ ብቅ ያለችው ትንሿ አያቷን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ከደነች።

«እንኪ፣ ውሰጂው» አለች አያት፣ መቅረጫውን ዘርግታ። «ሁለተኛ አልነካም። በእናቴ አጥንት!»

ልጇ አልተቀበለቻትም። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አስተካከለችላት።

«ሌላ ትገዢያለሽ፣ እማዬ» አለች።