ከአዳማ ሻሸመኔ በምታጉረመርም መኪና

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአዳማ የወጣነው የአባባን አሮጌ መኪና ሻሸመኔ ላለ ገዢ ለማስረከብ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። አሁን ጆሯቸው ደክሟል፤ በቅርቡ የባጃጅ ጡሩምባ ሳይሰሙ ቀርተው ለጥቂት ተረፉ። «ትሸጥ» ብለን የወሰንነው እኛ ልጆቻቸው ነን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሳቸው የሰሙት መጨረሻ ላይ ነው። አልተከራከሩም። «እኔም ልሸኛት» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ።

እስከ መቂ የከባድ መኪናው ብዛት አላስሮጠንም። መቂን አልፈን ከስድሳ በላይ ስነዳ መኪናዋ ማጉረምረም ጀመረች፤ ስቀንስ ድምፁ ይጠፋል። አባባ የቲማቲም ማሳውን እያዩ ነው። ምንም አልነገርኳቸውም። ገዢው ሳይሰማ ብገላገላት ብዬ መመኘቴን አልደብቅም።

ባቱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ድምፁ ስለባሰ ጋራዥ ገባን። «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብሎ የተቀበለን መካኒክ አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰ።

«ካምቢዮ ነው። መውረድ አለበት፤ ሁለት ቀን ትቆያለች።»

ጮክ ብዬ ለአባባ ደገምኩላቸው። ገቢና ገብተው የቀኝ እግራቸውን ጫማና ካልሲ አወለቁ፤ ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። «ንጂ» አሉኝ። መካኒኩ ከኋላ ተሳፈረ። ጭር ያለ አስፋልት ላይ ስንደርስ «መሪውን ቀስ ብለሽ ወደ ግራ» አሉ። ድምፁ ጨመረ። «ወደ ቀኝ።» ቀነሰ።

«ካምቢዮ ቢሆን በመሪ አይለዋወጥም። ወደ ግራ ስትዞሪ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል። ጎማው የሚሽከረከርበት የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ነው።»

ጎማው በክሪክ ተነስቶ በእጅ ሲሽከረከር እንደ ወፍጮ ጮኸ። መካኒኩ እየሳቀ «እዚሁ ይቀጠሩ፣ አባባ» አላቸው።

ኩሽኔታው እስኪቀየር የተጠበሰ አሳ በላን። አሳው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን አፍሬ ነበር።

«ተሳስተናል፣ አባባ። እንመለስ» አልኳቸው።

አጥንቱን እየለቀሙ «ኩሽኔታ በእግሬ ይሰማኛል» አሉ። «የባጃጁን ጡሩምባ ግን እግሬ አልነገረኝም። ውስጡ ልጆች ነበሩ። ብይና እንሂድ።»

ሻሸመኔ፣ ስምንት ሰዓት

ቁልፉን ለገዢው የሰጡት ራሳቸው ናቸው። «የግራውም ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም፤ ቀድመህ ቀይረው» አሉት። እኔ የሚሰማውን ብልሽት ልደብቅ አስቤ ነበር፤ እሳቸው ገና ያልተሰማውንም ነገሩት።

በሚኒባስ ተመለስን። ቀድመን ብንጠይቃቸው ኖሮ ቁልፉን አዳማ ላይ ይሰጡን ነበር፤ ከጉዞው የተማርኩት ይህንን ነው።

አዳሚ ቱሉን እንዳለፍን አባባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«የኋላ ግራ ጎማ ልክ አይደለም። ለሹፌሩ ንገሪው።»

ሹፌሩ እያጉረመረመ ወርዶ አየ። ጎማው አብጦ ነበር። ከቀየረው በኋላ አባባን ከኋላ ወንበር አስነስቶ ገቢና አስቀመጣቸው። አዳማ እስክንገባ ጫማቸውን አላጠለቁም።