ሐኪሙ እንዴት አደርሽ ሲላት

እህቴ ከማደንዘዣው ስትነቃ ነርሷን አፍጥጣ አየቻትና «ያን ጥጃ አሰራችሁት ወይ?» አለቻት። ነርሷ ደግ ሰው ናት፤ «አዎ፣ ታስሯል» አለች። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እየጠበቅሁ ስለነበር አስታማሚ ሆኜ ከቡሬ አዲስ አበባ የወሰድኋት እኔ ነኝ። የሐሞት ጠጠር ቱቦዋ ላይ ተወትፎ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሆዷን ሳይቀዱ፣ በአፏ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጠጠሩን አወጡት። ሸበቶው ሐኪም አስቀድሞ ነግሯት ነበር።

«አጠገቡ ያለው ቆሽት አንዳንዴ ይቆጣል። ሆድሽን አሞሽ ወደ ጀርባሽ ከዞረ ቶሎ ንገሪኝ።»

«አማቴን ችዬ የኖርሁ ቆሽት ያቅተኛል?» አለችው። እሱም ሳቀ።

ሊነጋ ሲል እጄን ያዘችኝ። «ሆዴንም ጀርባዬንም ወጋኝ።»

«ልንገራቸው?»

«ተው። አልጋው ቆርቁሮኝ ይሆናል።»

ሐኪሙ ገባ። «እንዴት አደርሽ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ እንዴት አደሩ? ቤተሰብስ ደህና?»

«ሕመም አለ?»

«ኧረ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

በእኛ አገር ትልቅ ሰው በጠዋት ደህንነትህን ሲጠይቅህ ሕመምህን አትዘረግፍበትም። ይመስገን ትላለህ። እኔ... አጠገቧ ቆሜ ነበር። ታላቄ ናት። እሷ የመለሰችውን እኔ ምን ብዬ ላፍርስ? ሐኪሙ ወረቀቷን ፈረመ፤ ወጣን።

በማግስቱ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ማስታወክ ጀመረች። «መንገዱ ነው» አለ ረዳቱ። «መንገዱ ነው» አለች እሷም። ደምበጫ ስንደርስ ግን ጉልበቷን ታቅፋ ተጣጠፈች፤ ጨዋታዋም ቆመ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ቡሬ ሳንደርስ ፍኖተ ሰላም ላይ አወረድኋትና ሆስፒታል ገባን።

«መቼ ጀመረሽ?» አላት ወጣቱ ሐኪም።

«ዛሬ፣ ዓባይ ላይ።»

«ትናንት ጠዋት ነው» አልሁ። «ገና ከሆስፒታሉ ሳንወጣ።»

ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«አሳበቅህብኝ?» አለች እህቴ። ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አመማት።

ቆሽቷ ክፉኛ ተቆጥቷል አለን። ግሉኮስ ሰቅለውላት በአምቡላንስ ባሕር ዳር ላኳት። በአምስተኛው ቀን አረፈች። ያን ዕለት ጠዋት ብንናገር ትድን ነበር ወይ ብዬ እዚያ ያሉትን ሐኪም ጠየቅኋቸው። «እንጃ» አሉ። «ስትታከምም የምትከፋበት ጊዜ አለ።»

ለቅሶ ቤት እናቴ ለመጣው ሁሉ «ልጄ እኮ አንድ ቀን አመመኝ ሳትል ሄደች» ትላለች። ሰውም «ጨዋ ነበረች» ይላል። ሁለት ቀን ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

«ብላለች፣ እማዬ» አልሁ። «ለእኔ ብላኛለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ምን አልሃት?»

«ልንገራቸው አልኋት። ተው አለችኝ። ተውሁ።»