ከመጀመሪያው ያልሰማችኋቸው ጋሽ እንድሪስ

በሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ጋሽ እንድሪስ ይመር ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ወደ አኼራ ሄደዋል። የወሰዳቸው ለረጅም ጊዜ ሲያሰቃያቸው የከረመው የኩላሊት ሕመም ነው። በዚያው ዕለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበራቸው። አላህ ይዘንላቸው፤ ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍልን። በደሴም፣ በውጫሌም፣ በኮምቦልቻም ያላችሁ ወዳጆቻቸው መርዶውን እንድትሰሙ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን አላቆምም። ከቀብር ስንመለስ የሙዚቃ ቤታቸው በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ አገኘሁ። ፎቷቸው አለበት፤ ከሥሩ «የወጣቶች ባለውለታ፣ አባታችን» ይላል። ያሰቀለው ሙሉጌታ የሚባለው የሰፈራችን ወጣት ነው። እዚያው በር ላይ ከዓመታት በፊት በቀይ ቀለም «ባንዳ» ብሎ ያስጻፈውም ራሱ ሙሉጌታ ነው። ቀለሙ ቢታሽም አልለቀቀም። ባነሩ የተሰቀለው በላዩ ላይ ነው።

እኔ አስካለ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ሱቅና የእሳቸው ሙዚቃ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የተለያየው። እሳቸው የሚያሰሙትን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም ስሰማ ነው የኖርኩት። ካሴት ቀርቶ ሲዲ ሲመጣ፣ ሲዲም ቀርቶ ሰው ሁሉ ዘፈን በፍላሽ ማስገልበጥ ሲጀምር፣ ጋሽ እንድሪስ የተበላሸ ስፒከር እየጠገኑ ቤቱን አቆዩት። ሰርግ ላለበትም ሐዘን ላለበትም ድምፅ ማጉያ ያውሱ ነበር፤ ለሐዘን ሲሆን ራሳቸው ተሸክመው ያደርሳሉ። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከሰሜን መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሰፍሩ፣ የቤታቸውን መብራት በሙሉ ለእነሱ ስልክ መሙያ አደረጉት። ስልኩ የሞላለት ሰው ጥግ ሄዶ ወደ ዘመዱ ሲደውል፣ ሬዲዮኑን ይቀንሱና እኛንም ዝም ያሰኙናል።

ቤታቸው ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። አዲስ አልበም ሲወጣ እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን፤ ከአንደኛው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳይዘለል ይሰማል። «ተራውን ያወጡት አስበውበት ነው፤ እኛ ማን ነን የምንዘል?» ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የወደደውን ዘፈን ይናገራል፤ ምክንያቱንም ይናገራል። «ዝም ብዬ ወደድኩት» ማለት አይሠራም። አርፍዶ የገባ ሰው ካለ ደግሞ ሙዚቃውን ያቆሙና «ቁጭ በል፣ ከመጀመሪያው እናስጀምርልሃለን» ይሉታል። እውነት ነው የምላችሁ፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሩለታል። አንድ እሁድ ሰው በየተራ እያረፈደ ሲገባ፣ አንደኛውን ዘፈን ብቻ ደጋግመን ስንሰማ መሸብን። እኔ መቀሴን ይዤ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ፤ እሳቸው ከኋላዬ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።

በተለይ የሚወዱት በረዶ ባንድ የሚባለውን የደሴ ልጆች የሮክ ባንድ ነው። ልጆቹ አምባሰልን በኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስጮሁት የከተማው ትልልቅ ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ግን አምባሰል ተራራው እዚያው እንዳለ፣ ጊታር ስለጮኸ የትም እንደማይሄድ ይነግሯቸዋል። ለውጡ የመጣ ሰሞን የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ሰማ። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይጠረጥርም ነበር። ሁላችንም የሆነ በር የተከፈተልን መስሎን ነበር።

የባንዱ አዲሱ አልበም የመጣው ጦርነቱ ወደኛ በገፋበት ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የጋሽ እንድሪስ አንድ ልጅ፣ አህመድ፣ ከሚሊሻው ጋር ዘምቶ ነበር። ባለቤታቸው እቴ ዘይነባ በየማታው ደጃፍ ላይ ቆመው የአስፋልቱን መንገድ ያያሉ። ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ታዲያ ያን እሁድ ተሰብስበን አልበሙን እስከ መጨረሻው ሰማን። ሦስተኛው የዘማች ዘፈን ነው፤ ደም ያፈላል። አብዛኛው ሰው እሱን መረጠ፣ እኔም እሱን መረጥኩ። አሣ አጥማጁ ከማል ሰባተኛውን መረጠ፤ የቤዝ ጊታሩ ሐይቁ ላይ ሌሊት ጀልባውን የሚመታውን ውኃ ይመስላል አለ። ሰው ሳቀበት፤ ጋሽ እንድሪስ ግን መልሰው ሰሙለትና ልክ ነህ አሉት።

የእሳቸው ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ሦስተኛውን አመሰገኑ፤ ጊታሩን አደነቁ። ቀጥለው ልጃቸው ግንባር እንዳለ፣ ዘይነባ ከደጃፍ አልገባም እንዳለች፣ ዘጠነኛውን ዘፈን ሲሰሙ እሷን ያዩ እንደመሰላቸው ተናገሩ። ዘጠነኛው ልጇን በር ላይ ቆማ ስለምትጠብቅ እናት ነው። ይህን ሲናገሩ ሙሉጌታ ገባ፤ አርፍዶ። የዚያን ቀን ወሬ ላይ ስለነበርን ከመጀመሪያው ያስጀመረለት የለም። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የቀረጸው ይህን ብቻ ነው፦

«ዘፈኑ የማን እናት እንደሆነች አልነገረንም። የወዲያኛው ወገን ልጅ እናት ብትሆንም እኔ እዚያ በር ላይ አብሬያት እቆማለሁ።»

ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። «የሐይቁ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ከማን ጋር እንደቆመ በራሱ አፍ ስሙት» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ በሩ ላይ ቀዩ ቀለም ተቀባ። የጸጥታ ሰዎች ጠርተው ጠየቋቸው፤ ጥቂት ቀን አሳደሯቸው። እኔ፣ ከማልና ሌሎች ሄደን «ሲናገሩ እዚያ ነበርን፤ ልጃቸው ግንባር ነው» ብለን መሰከርን። የሚሰማን አጣን። ይባስ ብሎ ቪዲዮው አህመድ ያለበት ምሽግ ድረስ ደረሰ። ልጁ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፈልጎ ደወለ። ጋሽ እንድሪስ ያን ጊዜ ተፈተው እኔ ሱቅ ተቀምጠው ነበር፤ «አባ፣ ልጆቹ አባትህ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፣ ምን ልበላቸው?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና ወጥተው ሄዱ።

ኋላ የወዲያኛው ወገን ታጣቂዎች ከተማውን ሲይዙ ብዙዎቻችን ሸሸን። ጋሽ እንድሪስ ግን፣ እቴ ዘይነባን እግራቸውን ስለሚያማቸው፣ አብረዋቸው ቀሩ። የገቡትም ሙዚቃ ቤቱን ሰብረው ስፒከሩን፣ የመጠገኛ ዕቃውን ጠራርገው ወሰዱት። ስንመለስ ደግሞ ምን ተባለ መሰላችሁ? «የቀሩት የእነሱ ስለሆኑ ነው» ተባለ። የመጡት ዘረፏቸው፣ ሸሽተን የተመለስነው ስማቸውን ወሰድን። ሰው እንዴት በሁለት በኩል ይገፈፋል? እሳቸው ቤቱን ዳግመኛ አልከፈቱም። ሲታመሙ ልጠይቅ ስሄድ አንዴ ብቻ ነው ያነሱት፤ «አስካለ፣ ስፒከሩስ ይገዛል» አሉኝ። የማይገዛው የቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሙሉጌታ ቪዲዮውን አላወረደውም። እስካሁን አለ። ልጁ ክፉ ነው አልልም፤ ያኔ ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር፣ እሱም ፈርቶ ይሆናል። ግን ፍርሃቱ ካለፈ ስንት ጊዜ ሆነው? በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን መጥቶ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አላለም። ሲሞቱ ግን ባነር አሠራ። ሰደቃው ላይም ሦስተኛውን ዘፈን በትልቅ ድምፅ ማጉያ እናሰማ፣ ጋሽ እንድሪስ የሚወዱት እሱን ነበር ብሎ ለሰው አስወራ። ይህን ስሰማ የምሰፋውን ልብስ ጥዬ ተነሣሁ። ስማቸውን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ ምርጫቸውን?

እቴ ዘይነባን ጠየቅኋቸው። ሰደቃው በዱዓ ብቻ ይለቅ፤ እሁድ ከሰዓት ግን በደንባችን ቤቱ ተከፍቶ አልበሙ ይሰማ አሉ። ከማል ስፒከር ተዋሰ፤ ከግንባር በሕይወት የተመለሰው አህመድ በሩን ከፈተ። ባነሩን አወረድኩት፤ ቀዩ ጽሑፍ እንዳለ ይታይ ብዬ ተውኩት። ሙሉጌታ ሲመጣ ዘጠነኛው ዘፈን ጀምሮ ነበር። ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ ነው የገባው። ተነሥቼ ሙዚቃውን አቆምኩት።

«ስልክህን ኪስህ ክተት። ቁጭ በል፤ ከመጀመሪያው እናስጀምርልሃለን» አልኩት።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ፣ አህመድን አየ፣ ተቀመጠ። ሁሉንም ዘፈን ሰማ፤ እኛም አብረነው እንደገና ሰማን፤ ማንም አልተነጫነጨም። ዘጠነኛው ሲደርስ እቴ ዘይነባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ። የመምረጫው ተራ ሙሉጌታ ጋ ሲደርስ ያለቅስ ነበር። ቪዲዮውን አውርዶ፣ በለቀቀበት ቦታ ጋሽ እንድሪስ ከዚያ በፊት ያሉትን ጭምር ሙሉውን በአፉ እንዲናገር ነገርኩት። እሺ አለ። እስካሁን አልተናገረም፤ እኔም የምጽፈው ለዚህ ጭምር ነው።

ጋሽ እንድሪስ፣ ደህና ይሁኑ። ቤትዎ አንድ እሁድ እንደ ድሮው ዋለ። እኔ አሁንም ሦስተኛውን ነው የምመርጠው፤ አይቀየሙኝ፣ ምክንያቴን ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። አህመድ ዘጠነኛውን መረጠ። ያን ጊዜ በስልክ ለጠየቀዎት መልሱን ራሱ አገኘው፤ «አባቴ ናቸው» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ለሙሉጌታም በደንብዎ መሠረት ከመጀመሪያው አስጀመርንለት። ለእርስዎ ግን፣ ጋሼ፣ በሕይወት እያሉ ማንም አላስጀመረልዎትም።