የወንድሜ በርጩማ

ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ «ሶሻል ነው የምገባው» ያለች ቀን፣ ባሌ ሊጎርስ ያነሳውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው።

«ሶሻል ገብተሽ ምን ልትሆኚ?»

«ፍልስፍና ልማር። ካልሆነም ታሪክ።»

«እሺ፣ ተማርሽ እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያስ» ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ልጄም ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። በምላሴ የታወቅሁ ነኝ፤ ዋጋ ቀንሺ ለሚል ደንበኛም፣ ግብር ጨምሪ ለሚል ሹምም መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ ተሳሰረ። ዓይኔ ልጄ የተቀመጠችበት በርጩማ ላይ አረፈ። በርጩማው የወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ያደግነው ከደምበጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ነው። አባታችን በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ፣ ቁጣቸው የሚቀድማቸው ሰው ነበሩ። ከጋሼ ጋር ሲሆኑ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ትምህርት ቤት የገባ ሰሞን መሬት ላይ ጎብጦ ሲያነብ አይተው «የልጄ ወገብ ሊሰበር ነው» አሉና ከዋንዛ እንጨት በርጩማ ጠረቡለት። በመጥረቢያ የተሠራ ነገር ነው፤ አንዱ እግሩ ያጥራል፣ ሲቀመጡበት ይወዛወዛል። ጋሼ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ ከዚያ በርጩማ ላይ አልወረደም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ውሃ ስቀዳ፣ ጭራሮ ስለቅም፣ እሱ ያነባል። እቀና ነበር። ከኋላው መጥቼ በርጩማውን ነቅነቅ አድርጌ እሮጣለሁ፤ እሱ ይስቃል እንጂ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ማለፉ ሲሰማ አባቴ ያልነገሩት ሰው የለም። ለበሬዎቻቸውም ሳይነግሯቸው አልቀሩም። «ልጄ ሐኪም ይሆናል» ነበር ወሬያቸው ሁሉ። በመጀመሪያው ክረምት ከአዲስ አበባ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቁት።

«እህስ፣ ምን ያስተምሩሃል?»

«ፍልስፍና ነው፣ አባየ። እኔው ነኝ የመረጥኩት።»

«ያክማል?»

«አያክምም።»

«ይፈርዳል?»

«አይፈርድም። ሰው ስለ ኑሮው ስለ እውነቱ እንዴት ያስባል የሚለውን መመርመር ነው።»

አባቴ እሳቱን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉት። «እና እኛ እስካሁን ሳናስብ ነው የኖርነው?» አሉ።

ጋሼ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ባስረዳ ቁጥር አባቴ ይበልጥ ግራ ተጋቡ። እናቴ ነገሩ ሲከር አይታ «በቃ፣ ልጄ ደህና መጥቷል አይደል? ብሉ!» ብላ ገላገለችን።

የተመረቀ ጊዜ አባቴና እናቴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ፎቶውን ይዘው መጡ፤ ጋሼ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ አራት ማዕዘን ቆብ ደፍቶ፣ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ንጉሥ አጣፍተው። ግን አባቴን አንድ ነገር ከንክኗቸው ነበር። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን መምህር ካባ ሲደረብለት ካባው የራሱ ነው፤ እስኪሞት ይለብሰዋል። የጋሼ ካባ ግን በዚያው ቀን ተመለሰ።

«ኪራይ ነው አሉኝ» አሉ አባቴ። «ክብርን አልብሶ መልሶ የሚገፍ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ያስለቅሰኛል።

ሥራ አልተገኘም። ጋሼ ደምበጫ እየወረደ፣ ደብረ ማርቆስ እየሄደ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲያነብ ከረመ። አካውንቲንግ ይፈለጋል፤ ነርስ ይፈለጋል፤ እርሻ የተማረ ይፈለጋል። ፍልስፍና የተማረ የሚፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት በጎጃም አልነበረም። በመጨረሻ መሄዱን ተወው። በርጩማውን አውጥቶ አጥራችን ሥር ካለው ዋንዛ ጥላ ተቀመጠና የድሮውን ንባብ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ሰው ጣጣ የመጣው። በእኛ አገር ዕድሜውን ሙሉ ተምሮ ሹመት ያልያዘ፣ ደብር ያልተሰጠው ሰው ካለ፣ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ይኼ መድኃኒት ያውቃል። ክታብ ይጽፋል፣ የጠፋ ከብት ይጠቁማል። ሥራ ያልያዘውም ሥራ አጥቶ ሳይሆን ጥበቡን ደብቆ ነው። የጋሼ ወሬም እንዲሁ በየጎጡ ዞረ።

መጀመሪያ የመጡት አንዲት ባልቴት ናቸው። ዶሮ ታቅፈው መጡ።

«ልጄ ወታደር ሄዶ ደብዛው ጠፋ። እንግዲህ አንተ እየው» አሉት።

«እማማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። የተማርኩት ሌላ ነው» አላቸው ጋሼ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

ባልቴቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እወቅልኝ! አዋቂ ሁሉ አላውቅም ነው የሚለው።»

በካደ ቁጥር አመኑት። ምን ያድርግ? በርጩማውን ለቀቀላቸውና እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ሌላ ምንም አላደረገም። እሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ እሱ ሰማ። ሲያቆሙ እንደገና ይጠይቃል። እንደ እኔ ጣልቃ አይገባም፣ እንደ ጎረቤቶቻችን «አይዞሽ እግዜር ያውቃል» ብሎ አፋቸውን አይዘጋም። ጥላው ዞሮ ፀሐይ እስኪያገኛቸው አወሩ፤ አለቀሱም። ሲነሡ ዶሮዋን ትተው ሄዱ። ጋሼ በእኔ መልሶ ቢሰድላቸው ተቀየሙ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች መጡ፤ ባሏ የተዋት መጣች፤ ልጅ የሞተበት አባት መጣ። ሁሉም ለመድኃኒት ይመጣና ተቀምጦ ያወራል። ሰው ሲበዛ ጋሼ ወደ በርጩማው ተመለሰ፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ይጠይቃል፣ ይሰማል። አንዳንዱ «ይኼስ ሰውን እንደ መርማሪ ፖሊስ ያፋጥጣል» እያለ ተናዶ ይሄድና በሌላ ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። እኔ ቡና ቁርስ ማቅረብ ሲያንገሸግሸኝ «ለምን አታባርራቸውም?» ስለው «መጥተው እንዴት አባርራለሁ?» ይለኛል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር። ለእኔ አልገባኝም። ለአባቴማ ጭራሽ።

አባቴን ማኅበር ላይ ሰደቧቸው። አንድ ባላንጣቸው፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ በሰው ፊት «የአንተስ ልጅ ደህና ገበያ ደራለት፤ ለእኔም በሬ ያስገኝልኝ» አላቸው። የንስሐ አባታችንም ጠርተው «ልጅህን ምከረው» አሏቸው። አባቴ ወደ ቤት ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ጋሼ ከሰዎች ጋር ጥላው ሥር ነበር። አባቴ ሰላም ሳይሉ ደርሰው በርጩማውን በእግራቸው መቱት። ጋሼ ከነበርጩማው ወደቀ።

«ተነሥ ከዚህ! ጠንቋይ ልትሆንብኝ ነው ያስተማርኩህ? እኩዮችህ በረሃ ወርደው ላባቸውን ያፈሳሉ፣ አንተ እዚህ በርጩማ ታሞቃለህ!»

የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እያጎነበሱ ወጡ። ጋሼ ተነሣ። ልብሱን አላራገፈም፤ በርጩማውን ግን አቃናው፣ አፈሩን በእጁ ጠረገለት።

«እሺ፣ አባየ» አለ።

እሺ ባይል ይሻል ነበር። ቢመልስላቸው፣ ቢጮህባቸው፣ ተጣልተው ይታረቁ ነበር።

በሳምንቱ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ በረሃ ከሚወርዱት የመንደራችን ጎረምሶች ጋር ጓዙን አሰረ። ጓዙም አንድ ጋቢና አዲስ ማጭድ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ እምቢ አለ። አባቴ ማለዳ ወጥተው እርሻ ውለዋል፤ ፊቱን ላለማየት ነው። እኔ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘሁት።

«ጋሼ፣ ትምህርቱ አይቆጭህም?» አልኩት። ንዴት ነበር ያናገረኝ። «ሐኪምነቱን ብትማር ኖሮ ይኼ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

«ትምህርቱስ አልቆጨኝም» አለ። ጓዙን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረ። «ለአባየ ማስረዳት ነው ያቃተኝ። እሱ ነው የሚቆጨኝ።»

መኪናው መጣና ተሳፈረ።

ከበረሃ የተመለሰው ሁለት ጓደኞቹ ደግፈውት ነው። ወባ ነበር፤ መንገድ ላይ ብርቱ ሆኖበት ነበር። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አስገባነው። አባቴ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ ጋቢ ተከናንበው ሰነበቱ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቀኝ፤ እንደዚያ እንደምትጠይቃቸው» ይሉታል። ጋሼ ግን ከነቃበት ጊዜ የቃዠበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ሳይጠይቃቸው ሞተ።

አሁን ለቅሶውን ልንገራችሁ። በእኛ አገር ለቅሶ ሜዳ ሲወጣ የሟች ዕቃ አብሮ ይወጣል። ገበሬ ከሆነ ጅራፉና ሞፈሩ፣ ቄስ ከሆነ መቋሚያው፣ ጀግና ከሆነ ጠመንጃው። አልቃሿ ያንን አይታ ነው የምትገጥመው፤ ለቀስተኛውም ያንን አይቶ ነው የሚያለቅሰው። የሰውየው ሥራ በሰው ፊት የሚቆመው ያን ቀን ነው። አልቃሿ ከሌላ አጥቢያ የመጣች፣ በሙሾ ስሟ የተጠራ ሴት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከቤታችን በር ቆመች።

«ልጁ ምን ነበር?» አለች። «ምን ይውጣለት?»

ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። አጎቴ «ተምሮ ነበር፤ ፎቶው ይውጣ» አለ። ሌላው «ካባው የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ካባው የለም። አንዱ፣ ነፍሱን ይማርና ክፋት አልነበረውም፣ ከበረሃ የመጣውን ማጭድ ከጓዳ ይዞ ወጣ። አባቴ ከእጁ ነጠቁት።

«በማጭድ አይደለም ያሳደግኩት!» ብለው ጮኹና ማጭዱን አጥሩ ማዶ ወረወሩት።

ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ በርጩማውን ተሸክመዋል። በራሳቸው ላይ ነው የተሸከሙት፣ እንደ ታቦት። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሜዳው መካከል አስቀመጡት። አንዱ እግሩ ስለሚያጥር አልቆም አለ፤ ተንበርክከው ጠጠር ፈልገው ከሥሩ ወተፉለት።

«ልጄ እዚህ ላይ ተቀምጦ ሰው ይሰማ ነበር» አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። «ሥራው ይኸው ነበር። ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።»

አልቃሿ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ለጠመንጃ የሚሆን ግጥም ነበራት፣ ለሞፈር ነበራት፤ ለበርጩማ ግን የላትም። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት ብትውጠኝ እያልኩ ነበር።

ያን ጊዜ ባለ ዶሮዋ ባልቴት ከሰው መሐል ወጡ። በዱላቸው እየተደገፉ መጡና ከበርጩማው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ልክ እሱ እንደተቀመጠበት ሁሉ ቀና ብለው ባዶውን እያዩ ማውራት ጀመሩ።

«ስማኝማ ልጄ። ያ ልጄ አሁንም አልመጣም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስለሱ የጠየቀኝ የለም። ትናንት ሸሚዙን አጥቤ አሰጣሁት…»

ሸሚዙን እንዴት እንዳጠቡት፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ የት እንደገዛው እያሉ ቀጠሉ። ያን የመሰለ ሙሾ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። ሜዳው ሙሉ ሰው ነው ያነባው። አባቴ ከባልቴቲቱ አጠገብ ተደፍተው ቀሩ፤ አራት ሰው ነው ያነሣቸው።

አባቴ ከዚያ በኋላ በርጩማውን ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም። ልጄን ስወልድ ብቻ ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ይዘውት መጡ። «ስታነብ ትቀመጥበት» አሉኝ፤ የወለድኳት ሕፃን ገና ዓይኗን በቅጡ አልገለጠችም። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም።

እንግዲህ ያ ትምህርት ይጠቅማል ወይ ብትሉኝ ምን ልበላችሁ? ወንድሜን አላበላውም። አላለበሰውም፤ ያለበሰውም በኪራይ ነው። ይጠቅማል ብዬ ብምል እናቴ ከመቃብሯ ትታዘበኛለች። አይጠቅምም እንዳልል ደግሞ ባዶ በርጩማ ያናገሩት ባልቴት ከዓይኔ አይጠፉም። እስከ ዛሬ ሰው ሲያወራኝ እንደ ጋሼ የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ ባሌንም ጨምሮ።

«ምነው ዝም አልሽ? ንገሪያት እንጂ!» አለኝ ባሌ።

ልጄ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ስትናደድ መወዛወዝ ትወዳለች፤ አጭሩ እግር መሬቱን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል።

«ትማር አልልህም» አልኩት። «አትማርም አልልህም። እሱን እናንተ ተነጋገሩበት። እኔ አንድ ነገር ነው የምለምንህ።»

«ምን?»

«ከዚያ በርጩማ ላይ ተነሺ እንዳትላት።»

ባሌ ታሪኩን ያውቃል። ትሪውን ገፋ አደረገ። ልጄ መወዛወዟን አቆመች። «እማየ፣ ጋሼ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝና አገጯን በእጇ ደግፋ መልሴን መጠበቅ ጀመረች። እኔ ግን ወንድሜ ናፍቆኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ።