የሚስማሩ ጭረት

እኔ በምኖርበት ዓረብ አገር፣ ፋርዋኒያ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ አዳፕተሩን ከመስጠቱ በፊት ጀርባውን በሚስማር ጫር አደረገው። የአሮጌ ኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ ከላፕቶፔ ጋር የሚያገናኝልኝ ዕቃ ጠፍቶ፣ የሟቹ አባቴ ፎቶዎች እዚያው ውስጥ እንደቀሩ ነው።

"ቤትሽ ሞክሪው። ካልገባ መልሺው፤ ግን ይሄንኑ" አለኝ ከማስኩ ሥር። በሌላ የምቀይርበት መስሎታል።

የሚስማሩ ድምፅ ኮምቦልቻ ወሰደኝ። ያኔ ልጅ ነኝ። አባባ ሬዲዮናችንን ለጠጋኙ ሊተውለት ሲል ክዳኑን ከፈተና ውስጡን በሚስማር ጫረው። የሰውየው ፊት ጠቆረ።

"አባባ፣ ሰውየው ሌባ ነው እንዴ?" አልኩት መንገድ ላይ።

"ኧረ አይደለም። የጫርኩት ለእሱው ብዬ ነው፤ ኋላ ዕቃዬን ቀየረብኝ ብዬ እንዳላማው።"

ያን ጊዜ ምኑም አልገባኝም።

ቤቴ ስሞክረው አዳፕተሩ አልገባም። በማግስቱ ስመልሰው ጠጋኙ አስቀድሞ ያየው ጭረቱን ነው።

"ዲስኩን ተይልኝና የሚሆነውን ልፈልግለት" አለ።

የወረርሽኙ ሰዓት እላፊ ሊጀምር ስለሆነ ቆሜ ልጠብቀው አልችልም። ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ።

"መጀመሪያ ሚስማሩን አቀብለኝ" አልኩት። "ለአንተው ብዬ ነው።"